ስምና ጥላ፤ ስለ አስማት የሚተርክ የልጆች ልቦለድን ለይፋት ልጆች ስለ ማስተዋወቅ

1. መግቢያ

በአገራችን የልጆች ሥነ ጽሑፍ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ እጥረት ነው። መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱም ከከተማ አይወጡም እንላለን። አነጋገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ይሸፍንብናል። ይኸውም፣ ስለ አስማት የሚተርክ ጥሩ የልጆች ልቦለድ እጃችን ሲገባ፣ አስማት በሚፈራበትና በሃይማኖት በተወገዘበት አካባቢ ለሚያድጉ ልጆች እንዴት አድርገን እናስተዋውቀው? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ልቦለድና ከአንድ ቦታ ተነሥቶ መልስ መሞከር ነው።

ልቦለዱ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ሌ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው ሲሆን፣ ርእሱን «የምድረ ባሕር ጠቢብ» ብዬ መልሼዋለሁ። ቦታው በይፋት ቆላ፣ ከአንኮበር ተረተር በታች የምትገኘው አሊዩ አምባ ናት። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 ዓመት ለሚደርስ ልጆች መጽሐፉን ከእንግሊዝኛው በቃል ወደ አማርኛ እየመለስሁ በክረምት አንብቤላቸዋለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ሐተታ የተወለደው ከዚያ ንባብ ነው። የማቀርበው ግን የልጆቹን መልስ ቆጥሬ ሳይሆን፣ ንባቡ ያስነሣቸውን የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ጉዳዮች መርምሬ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ላስቀምጥ። ልቦለዱ የቆመባቸው ሁለት ዋና ጽንሰ ሐሳቦች ስምና ጥላ ናቸው። ሁለቱም በአማርኛ ውስጥ፣ ደራሲዋ ከጻፈችበት ቋንቋ ይልቅ የጠለቀ ሥር አላቸው። ስለሆነም መጽሐፉ ለይፋት ልጅ ባዕድ አይደለም። ከዚህም በላይ ልቦለዱ የክፋትን ምንጭ ከጎረቤት አንሥቶ ወደ ራስ የሚያዞር በመሆኑ፣ ልጆችን ወደ ጥንቆላ ይመራል ተብሎ ሊፈራ አይገባውም። እንዲያውም ጥንቆላን የመፍራት ልማድ ያስከተለብንን በደል ለመመርመር ይጠቅማል።

2. ስለ ደራሲዋና ስለ ታሪኩ

ኡርሱላ ሌ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1929 በካሊፎርኒያ ተወልዳ በ2018 አርፋለች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር የታወቀ የሥነ ሰብእ ሊቅ ነበር። እናቷ ቴዎዶራ ክሮበር ደግሞ ከወገኖቹ ብቻውን የተረፈውን የያና ሰው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ ያወጣችው ናት። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ከተገኘ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1916 ድረስ ስሙን ለማንም አልተናገረም። በሕዝቡ ልማድ ሰው የገዛ ስሙን ለባዕድ አይናገርምና። በመሆኑም ክሮበር «ኢሺ» ብሎ ጠራው፤ ትርጉሙም በራሱ ቋንቋ «ሰው» ማለት ነው። እውነተኛ ስሙ ከርሱ ጋር ተቀበረ። እንዲህ ያለ ታሪክ በሚነገርበት ቤት ያደገች ደራሲ፣ ኋላ የሰው ኃይል ሁሉ በስሙ ውስጥ የተሸሸገበትን ዓለም መፍጠሯ አያስገርምም።

መጽሐፉን እንድትጽፍ ያነሣሣት በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ከተማ አሳታሚ ነው። ለወጣቶች የሚሆን መጽሐፍ ቢጠይቃት አንድ ጥያቄ መጣላት። በተረት የምናውቃቸው ጠቢባን ሁልጊዜ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌዎች ናቸው። ታዲያ ሽማግሌ ከመሆናቸው በፊት ምን ነበሩ? ጥበባቸውንስ ከየት ተማሩት? የጠቢባን ትምህርት ቤት የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ። በዓለም ዙሪያ የታወቀው የጄ. ኬ. ሮውሊንግ «ሃሪ ፖተር» የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 መሆኑን ስናስብ፣ የሌ ግዊን ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንደሚቀድም እንረዳለን።

የታሪኩ መቼት በብዙ ደሴቶች የተሞላ ምናባዊ ባሕር ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት የተወለደ የነሐስ ቀጥቃጭ ልጅ ሲሆን፣ እናቱ ዓመት ሳይሞላው ሞታበታለች። ፍየል ጠባቂ ነው። በሰባት ዓመቱ፣ አክስቱ በጎጆ ክዳን ላይ ለወጣች ፍየል የምትናገረውን ቃል ሰምቶ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ በመንጋው ላይ ይናገረዋል። ፍየሎቹም መጥተው ይከቡታል፤ አልለቅ ብለውም እያጣበቁ እስከ መንደር ይከተሉታል። ከዚያ አክስቱ የምታውቀውን ጥቂት ታስተምረዋለች። በ12 ዓመቱ ወራሪዎች ሲመጡ ጉም አውርዶ መንደሩን ያድናል። በ13 ዓመቱ ኦጊዮን የተባለ ዝምተኛ ጠቢብ እውነተኛ ስሙን ይሰጠዋል። ስሙም ጌድ ነው። በአደባባይ የሚጠራው ግን «ጭልፊት» እየተባለ ነው።

ጌድ የኦጊዮን ዝግታ ሰልችቶት ሮክ ወደምትባለው ደሴት፣ ወደ ጠቢባን ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያም በእልክና በትዕቢት፣ ጃስፐር የተባለውን ባላንጣውን ለማሳፈር ሲል የሙት መንፈስ ይጠራል። በተከፈተው ስንጥቅም አንድ ቅርጽ የሌለው ጥላ ወጥቶ ፊቱን ይቦጭቀዋል። የትምህርት ቤቱ አለቃ ስንጥቁን ሲዘጋ ሕይወቱን ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በመጀመሪያ የሽሽት፣ ቀጥሎም የአደን ታሪክ ነው። ጥላው ጌድን ያሳድደዋል፤ በመጨረሻም በኦጊዮን ምክር ጌድ ዞሮ ጥላውን ያሳድዳል። በዓለም ጠርዝ ሲገናኙ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ስም ይጠራሉ። ጌድ ለጥላው የሚሰጠው ስም የገዛ ራሱን ስም ነው። አሸናፊ የለም፤ ተሸናፊም የለም። ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል።

3. ስለ ቦታው

አሊዩ አምባ ዛሬ ትንሽ ከተማ ብትሆንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ በር ነበረች። ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የተነሣ የሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባትና የሚገበያይባት እርሷ ነበረች። ጨው ወደ ደጋ ይወጣባታል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ በዚያ ክፉ ዘመንም ባሪያ ወደ ባሕር ይወርድባታል። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ ያለፈው በዚህ ነው። በዚያው ዘመን ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም በከተማዋ ተቀምጦ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ተርኳል። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና የሐረር ነጋዴ የሚገናኙባት፣ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚውሉባት ቦታ ነበረች። ዛሬ የአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና በሸዋ ሮቢት በኩል ስለሚያልፍ የነጋዴው ጩኸት ወደዚያ ሄዷል። የሕዝቡ አኗኗር ግን አሁንም የተዘነቀ ነው።

ይህን የምዘረዝረው ለጌጥ አይደለም። መጽሐፍን ማስተዋወቅ ማለት በመጽሐፉ መቼትና በአንባቢው ሰፈር መካከል ድልድይ መሥራት ነውና። የይፋት ልጅ ባሕር አላየም፤ ስለ ደሴቶች የሚተርክ ልቦለድ እንዴት ይገባዋል? ይባል ይሆናል። ነገር ግን ክረምት ጠዋት ከአምባው ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው፣ ጉሙ ቆላውን ሞልቶት የኮረብታዎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ያያል። «ደሴት ማለት እንዲህ ነው፤ ጉሙን ውኃ አድርጋችሁ አስቡት» ባልሁ ጊዜ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገም። አንዲት ልጅ እንዲያውም «አምባ ሁሉ ደሴት ነው ማለት ነዋ» ብላ ጨመረችበት። ጌድ በጉም መንደሩን ሲያድንም ልጆቹ የጠየቁት ጉሙ እንዴት እንደ መጣ አልነበረም፤ በዚያ ጉም ውስጥ ፍየሎቹ የት እንደ ገቡ ነበር።

4. አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው

ተርጓሚን በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የርእሱ ቃል ነው። በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያሉን ቃላት ብዙ ናቸው። ጥንቆላ፣ መተት፣ ድግምት፣ ሟርት፣ ጠልሰም፣ አስማት እንላለን፤ በይፋት እስላሞች ዘንድ ደግሞ ሲሕር ይባላል። ከነዚህ አብዛኞቹ በቀጥታ ክፉ ሥራን ያመለክታሉ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ «ጠንቋይ» ብለን ብንጠራው ልጁ ገና በርእሱ ላይ ይፈርድበታል፤ ወላጁም መጽሐፉን ይዘጋዋል።

«አስማት» የሚለው ቃል ግን ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። በግዕዝ «ስም» ሲበዛ «አስማት» ይሆናል። አስማት ማለት በጥሬ ትርጉሙ ስሞች ማለት ነው። ቃሉ ወደ ዛሬው ትርጉሙ የመጣው በክታብና በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ ኅቡእ ስሞች ይደረደሩ ስለነበረ ነው። ለአብነት ያህል አስማተ ሰሎሞን ሰሎሞን አጋንንትን ያሠረባቸው ናቸው የሚባሉ ስሞች ናቸው። ልፋፈ ጽድቅም የመለኮትን ስሞች የሚገልጥ መጽሐፍ ነው። ሌ ግዊን በልቦለዷ የፈጠረችው ሥርዓት ይኸው ነው። በምድረ ባሕር ውስጥ ጠቢብ መሆን የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። የድንጋዩን፣ የነፋሱን፣ የዘንዶውን ስም ያወቀ ያዝዘዋል። እንግሊዝኛው ይህን ለመግለጽ ምዕራፎች አስፈልገውታል። አማርኛው ግን በአንድ ቃል ተሸክሞት ኖሯል፤ እኛም ቃሉን በየቀኑ ስንጠራው ውስጡን አናይም።

በአሊዩ አምባ ደግሞ ይህ ነገር በሁለት በኩል ይበራል። እስላም ልጆች በቁርአን ቤት የሚማሯቸው ዘጠና ዘጠኙ የአላህ ስሞች «አስማኡል ሑስና» ይባላሉ። የዐረብኛው «አስማእ» እና የግዕዙ «አስማት» ከአንድ ሴማዊ ሥር የበቀሉ የ«ስም» ብዙ ቁጥሮች ናቸው። አዳም የፍጥረታትን ስም እንደ ጠራ ኦሪት ዘፍጥረት ይናገራል፤ አላህ ለአዳም ስሞችን ሁሉ እንዳስተማረው ቁርአን ይናገራል። በአንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ የሁለት ሃይማኖት ልጆች እኩል የሚያውቁትን ነገር መጽሐፉ ይዞ መምጣቱን ሲረዱ፣ የቀረው ውይይት የነርሱ ነው። እርግጥ ነው፣ ሥርወ ቃል የአንድን ቃል የዛሬ ትርጉም አይወስንም። ጸሎትንና ጥንቆላንም አንድ አያደርግም፤ ማንም እንዲህ እንዳይረዳ መምህሩ መጠንቀቅ አለበት። ሥርወ ቃሉ የሚያሳየው፣ ስም ከጥሪ በላይ ነው የሚለው እምነት በቋንቋችን ውስጥ የኖረ መሆኑን ነው።

የስም መደበቅም እንዲሁ የታወቀ ልማድ ነው። ክርስቲያን ልጅ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ በክታብ ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህም ብዙ እናቶች የልጃቸውን የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው አይናገሩም ነበር፤ ዛሬም የማይናገሩ አሉ። ነገሥታቱና መኳንንቱ የፈረስ ስም ነበራቸው፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ ናቸው። ጌድ በአደባባይ «ጭልፊት» መባሉ ለኛ አንባቢ አንድ ተጨማሪ የፈረስ ስም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው እውነተኛ ስሙን ለወዳጁ ሲነግረው ነፍሱን በእጁ ማስቀመጡ ነው። የጌድ ጓደኛ ቬች፣ ጌድ በሁሉ ዘንድ ባፈረበት ሰዓት ስሙን በነገረው ጊዜ፣ ያነበብሁላቸው ልጆች ዝም አሉ። ስለ ወዳጅነት ንግግር ማድረግ አላስፈለገኝም።

በዚህ ምክንያት ርእሱን «ጠቢብ» ብዬ፣ ሙያውን «ጥበብ»፣ የሚነገረውን ቃል ደግሞ «አስማት» ብዬ መመለሱን መርጫለሁ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡትን ሰብአ ሰገል በልደት የሚያከብር ሕዝብ፣ ጠቢብ ሁሉ ክፉ አለመሆኑን ለመረዳት አይቸገርም።

5. ጥላ

ሁለተኛው ቁልፍ ቃል «ጥላ» ነው። በእንግሊዝኛው ጥላ ከጨለማ ጋር የተዛመደ፣ ቀዝቃዛና አስፈሪ ነው። በቆላ አገር ግን ጥላ ምሕረት ነው። በግንቦት ፀሐይ ከግራር ሥር የተቀመጠ የይፋት እረኛ ጥላን እንዴት ይፈራል? አማርኛም «ጥላ ከለላ» ሲል መከታን ማለቱ ነው። ታዲያ ጌድን የሚያሳድደውን ነገር «ጥላ» ብንለው አንባቢው ይሳሳታል ወይ? በሚል ሌላ ቃል ለመፈለግ ሞክሬ ነበር። «ጽልመት» ብለው ሰውነቱን አጣ፤ «መንፈስ» ብለው ከጌድ ተለየ።

ነገር ግን አማርኛችን በዚህ ቃል ውስጥ ሌላም ነገር አኑሯል። «ጥላው የከበደ» ስንል ሞገስ ያለው ማለታችን ነው፤ «ጥላ ቢስ» ስንል ግርማ የራቀው። እዚህ ላይ ጥላ የሰውየው ሌላ ራሱ ነው። እንዲሁም «ጥላ ወጊ» የሚባለው ሰው የተፈራው፣ በጥላ በኩል ባለቤቱን ይገድላል ተብሎ ነው። ጥላን የወጋ ሰውየውን ወጋ ማለት፣ ጥላውና ሰውየው አንድ ናቸው ማለት ነው። የልቦለዱ መጨረሻ የሚገልጠው ምሥጢር ይኸው ነው። ስለዚህ «ጥላ» የሚለው ቃል ከማሳሳት ይልቅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እውነቱን ሹክ ይላል። አንባቢው ለጊዜው ይፈራዋል፤ ሲጨርስ ግን ቃሉ ሁልጊዜም መከታም ጠላትም እንደነበረ ያስታውሳል።

በንባቡ መካከል አንድ ልጅ «ጥላና ጥላቻ ዘመድ ናቸው?» ብሎ ጠይቆኛል። ከሥርወ ቃል አንጻር አይደሉም። ጥላ ከ«ጽላሎት»፣ ጥላቻ ደግሞ ከ«ጸልአ» ወገን ነው። ሆኖም ጥያቄው የልቦለዱን ሴራ በትክክል የያዘ ነው። ጌድ ያን ስንጥቅ የከፈተው ጃስፐርን ስለ ጠላ ነበርና። የጥላው እናት ጥላቻ ናት። በትርጉም ሥራ ቋንቋችን ለደራሲው ያላሰበውን ስጦታ የሚያበረክትበት ጊዜ አለ፤ ይህ አንዱ ነው።

6. የቀጥቃጩ ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። በአካባቢያችን አስማትን መፍራት በመጽሐፍ የሚጀምር ነገር አይደለም። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ዓይን የሚጣለው በነርሱ ላይ ነበር። ከነርሱ ጋር ጋብቻ ክልክል ነበር፤ በብዙ ቦታም ርስት አልነበራቸውም። «ጠይብ» የሚለው ስድብ የተገኘው «ጠቢብ» ከሚለው ቃል መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እጁ ጥበብ የሚያውቀውን ሰው፣ ያንኑ የጥበብ ስም አጣምመን ሰደብነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው የነገሩን ስፋት ያመለክታል።

ከዚህ አኳያ የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ የነሐስ ቀጥቃጭ ልጅ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ደራሲዋ ስለ እኛ አገር አስባ አልጻፈችውም። እኛ ስናነበው ግን ሌላ ትርጉም ይጨምራል። በመንደሩ የተለየ ኃይል ያለው የቀጥቃጩ ልጅ ነው፤ በዚያ ኃይልም መንደሩን ያድናል። ክፉ ነገር ወደ ዓለም የሚያስገባውም እርሱ ነው። ክፋቱ የመጣው ግን ከአባቱ ሙያ ወይም ከደሙ አይደለም፤ ማንኛችንም ከምናውቀው ከእልክ፣ ከቅናትና ከትዕቢት ነው። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ «ክፉው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሩቅ ጠላት ወደ ጌድ ራሱ ይዞራል። በጀመረ ጊዜ አውሬ ያደን መስሎት ነበር፤ ሲጨርስ የሚያየው ፊት የራሱ ነው።

ይህ ለይፋት ልጆች የሩቅ ትምህርት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ዛሬ 13 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ይህን በልጅነታቸው እየሰሙ ያደጉ ናቸው። የሁሉም ችግር ምንጭ ጎረቤት ነው የሚል ትረካ በየአቅጣጫው ሞልቷል። ልቦለድ ሰላም አያወርድም። ነገር ግን አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ «የማሳድደው ነገር ከእኔ የወጣ ቢሆንስ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ታሪክ በእጁ ቢገባ፣ ያ ትንሽ ነገር ነው ብዬ አላምንም።

እዚህ ላይ የገጸ ባሕርያቱ መልክም መጠቀስ አለበት። ጌድ ቀይ ዳማ፣ ጓደኛው ቬች ጥቁር ናቸው። ነጮቹ ወራሪዎቹ ናቸው። ሌ ግዊን ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ ተዋናይ በመጫወቱ በጽሑፍ ተቃውማለች። የኛ ልጆች ግን መልኩ ሲነገር አልተደነቁም። በመንገዳቸው ላይ የሚያዩት መልክ ስለሆነ ተገቢ ነው ብለው አለፉት።

7. መጽሐፉን እንዴት እናስተዋውቀው?

ከላይ ከተባለው በመነሣት፣ ለመምህራንና በዚህ ክፍል ለሚማሩ ተማሪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከመጽሐፉ በፊት ከስም መጀመር ይገባል። ልጆቹ ስማቸውን ማን እንዳወጣላቸው፣ ለምን እንደዚያ እንደ ተባሉ፣ በቤት ውስጥ ሌላ መጠሪያ እንዳላቸው ይናገሩ። የክርስትና ስም ግን አይጠየቅ። መደበቅ የሚፈልግ ልጅ መደበቁ ራሱ የመጽሐፉ መግቢያ ነው።

ሁለተኛ፣ የንባቡ መጀመሪያ የፍየሎቹ ትዕይንት ይሁን። ፍየል ያገደ ልጅ በዚያ ይስቃል፤ ከሣቁ በኋላ ፍርሃቱን ያገኘዋል። ያልገባውን ቃል የተናገረ ምን እንደሚያገኘው ያን ጊዜ ያየዋል።

ሦስተኛ፣ የመማርን ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ጌድ ኦጊዮንን ተከትሎ ቅጠል ይለቅማል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ አንድ ቃል ሳይማር ወራት ያልፋል። ይህን የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ጋር፣ ደረሳም ከሸኹ ጋር ያውቀዋል። በሮክ ስሞችን በቃል የሚያስጠናው መምህር ግንብ ደግሞ ከንባብ ቤትና ከቁርአን ቤት ብዙ አይርቅም። «ድግምት» የሚለው ቃል ራሱ «ደገመ» ከሚለው መምጣቱን፣ ዳዊት የሚደግምም ሰው መኖሩን ማንሣት ይቻላል።

አራተኛ፣ ወላጆች አስቀድመው ይነገራቸው። አንዲት እናት መጥተው «ጋሼ፣ መጽሐፉ ድግምት ያስተምራል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። «የለም እሜቴ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ቃላት ደራሲዋ የፈጠረቻቸው ናቸው፣ ማንም ቢናገራቸው አንዳች አይሆንም። ታሪኩ በማያውቀው ነገር የተመካ ልጅ ምን እንዳገኘው የሚናገር ነው» አልኋቸው። ቀጥለውም ተቀምጠው የፍየሎቹን ምዕራፍ አዳመጡ። ሲነሡ ያሉት፣ «ይኸማ ተረት ነው፤ እኛም እንዲህ ነበር የሚነገረን» የሚል ነበር። ወላጅ የሚፈራው ምሥጢርን ነው፤ ታሪኩን በፊታቸው ማንበብ ከብዙ ማስረዳት ይበልጣል። የሚያሳምን ካልሆነ ግን ልጁን ያለ ወላጁ ፈቃድ ማስነበብ አይገባም።

አምስተኛ፣ ጥላው በሚወጣበት ምዕራፍ ላይ ንባቡን አቁሞ «ስሙ ማን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን መምህሩ አይስጥ። ልጆቹ የሚገምቷቸውን ስሞች ጽፎ ማቆየትና በመጨረሻው ምዕራፍ ማንበብ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ የሴቶች ጉዳይ አይታለፍ። በዚህ መጽሐፍ የሴቶች ጥበብ ይናቃል፤ ወደ ሮክም የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። አንዲት ልጅ «አክስቱ ባታስተምረው የት ይደርስ ነበር?» ስትል ጠይቃለች። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ደራሲዋም ራሷ ወደዚህ ጥያቄ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው ሁለተኛው መጽሐፍ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት ልጅ ናት። በ1990 በወጣው አራተኛው መጽሐፍ ደግሞ ያው ዓለም ከሴቶች ዓይን ይታያል፤ ጌድ ኃይሉን አጥቶ ፍየል ወደ መጠበቅ ይመለሳል። ደራሲ የራሱን ዓለም መልሶ ሊመረምር እንደሚችል ለተማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

8. ማጠቃለያ

የአማርኛ ልቦለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙት ሥራ ጀምሮ፣ በአመዛኙ ወደ ታሪክና ወደ ማኅበራዊ እውነታ አዘንብሏል። ምናባዊው ዓለም ለተረት ተትቷል። ተረቱን ደግሞ በቴሌቪዥን ለብዙ ትውልድ ያደረሱት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በየቤቱ የሚተርኩት አያቶችም እያነሱ ነው። የሰሎሞን አጋንንት፣ አርዌ ዘንዶው፣ የወርዘልያና የሱስንዮስ ታሪክ ያለው ሕዝብ ለልጆቹ የሚሆን ምናባዊ ልቦለድ ሲያጣ፣ ጉድለቱ የቁሳቁስ አይደለም። ቁሳቁሱን እንደ ሥነ ጽሑፍ ለማየት መፍራታችን ነው።

እንዲህ ያለውን የውጭ አገር ልቦለድ ማስተዋወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ይመስለኛል። የራሳችንን ቃላት፣ አስማትንና ጥላን፣ ጠቢብንና ጠይብን፣ ከሌላ ሰው እጅ ተቀብለን በአዲስ ዓይን እናያቸዋለን። የዚህ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሥራ ይጠብቃቸዋል። አንዱ እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በተጠና አማርኛ መመለስ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ በደሴት ፈንታ በአምባ ላይ የተወለደ፣ በይፋት ቆላ ፍየል የሚያግድ፣ የራሱ ጥላ የሚከተለው ልጅ የሚገኝበትን ልቦለድ መጻፍ ነው። ያን መጽሐፍ ለልጆቹ ለማስተዋወቅ እንዲህ ያለ ረጅም ሐተታ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።